ከቪዲዮ ቤቱ ካሴቶች ጋር ሦስት ወር

አጎቴ በ1980ዎቹ ባሕር ዳር ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቤቱ ሲዘጋ ዴኩ (የካሴት ማጫወቻው) እና ሁለት ካርቶን ካሴት አልጋ ሥር ገብተው እዚያው ቀሩ። አብዛኛው የውጭ ፊልም ስለሆነ አልነካሁትም። የእኔ ጉዳይ አጎቴ ማታ ማታ ከቴሌቪዥን የቀዳቸው 38 ካሴቶች ናቸው፦ የበዓል ዝግጅት፣ ድራማ፣ የአባባ ተስፋዬ የልጆች ፕሮግራም። መስከረም ላይ ስጀምር ዕቅዴ አንድ መስመር ነበር፤ ሁሉንም ወደ ኤችዲ፣ ማለትም ወደ ዛሬው ጥርት ያለ ምስል፣ መለወጥ። አሁን ታኅሣሥ ነው። ሰባት ካሴት ጨርሻለሁ፣ ዕቅዱን ግን ጥዬዋለሁ። አንዳንዶቻችሁ ያንኑ መንገድ እንደጀመራችሁት ስለማውቅ እንዴት እንደጣልሁት ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ወር ዴክ በማጽዳት አለቀ። ጣና ዳር ያለ ቤት እርጥበት አይጎድለውም፤ ካሴቶቹን በመስኮታቸው ብታዩ የጥቅሉ ጠርዝ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ሻጋታ አለ። የሻገተ ካሴት ዴክ ውስጥ ከገባ ሻጋታው ሄዱ (ቴፑን የሚያነበው ክፍል) ላይ ይቀርና ወደ ቀጣዩ ካሴት ይሻገራል። ይህን ያወቅሁት አንዱን ጤነኛ ካሴት ካስበከልሁ በኋላ ነው። ሄድ በጥጥ አይጠረግም፣ ክሩ ተይዞ ይቀራል። ለስላሳ ቆዳ በአልኮል አርሶ ሄዱ ያለበት ተሽከርካሪ ከበሮ ላይ ማስደገፍ፣ ከዚያ ከበሮውን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው፤ ቆዳውን ወደ ላይና ወደ ታች መግፋት ሄዱን ይሰብረዋል። ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ናቸው። «ልጄ፣ የዓይን ብሌን እንደምትነካ ሆነህ ንካው» አሉኝ።

ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ስለመቅዳቱ ብዙ የምለው የለኝም። ሳይጨመቅ ከተቀዳ አንድ ሰዓት ወደ 75 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ምንም መረጃ በማይጥል አጨማመቅ ግማሹ ይበቃል። ሁለት ጊዜ መሀል ላይ መብራት ሄዶብኝ ከመጀመሪያው ስለጀመርሁ የባትሪ መጠባበቂያ ገዛሁ።

ዋናው ትምህርት የመጣው ከአንድ የበዓል ዝግጅት እስክስታ ነው። የእኛ ቴሌቪዥን ይሠራበት የነበረው ፓል የሚባለው ሥርዓት 625 መስመር አለው፤ ምስል የሚይዙት 576ቱ ናቸው። በሰከንድ 25 ምስል ይባል እንጂ እያንዳንዱ ምስል ሁለት ግማሽ ነው። መጀመሪያ አንድ መስመር እየዘለለ ግማሹ ይመጣል፣ ከሰከንድ 50ኛ እጅ በኋላ የተዘለሉት መስመሮች ይከተላሉ። ስለዚህ ካሜራው በሰከንድ ያየው 50 ቅጽበት ነው። ኮምፒውተር ሁለቱን ግማሽ አንድ ላይ ሲሰፋቸው የቆመ ሰው ደህና ይወጣል፤ የተንቀጠቀጠ ትከሻ ግን ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል።

መጀመሪያ የተጠቀምሁበት ፕሮግራም መፍትሔው ቀላል ነበር፤ አንዱን ግማሽ መጣል። ማበጠሪያው ጠፋ። እስክስታውም አብሮ ጠፋ! ጨፋሪዋ ትከሻዋን የምትሰብቅ ሳይሆን ሰው የሚገፋት መሰለች። ከዚያ ኪውቲጂኤምሲ የተባለውን ነጻ መሣሪያ ሞከርሁ። እያንዳንዱን ግማሽ ከጎረቤቶቹ እያመሳከረ ወደ ሙሉ ምስል ያሳድገዋል፤ ከ25 ምስል 50 ይወጣል። ለአንድ ሰዓት ቅጂ ኮምፒውተሬ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ። ጠዋት ስከፍተው ትከሻው ተመልሷል። ምስሉ እንደ ቀድሞው ፈዛዛ ነው፣ ግን ሕይወት አለው። ለካ ያጣነው ጥራት የሚመስለን ብዙው ነገር እንቅስቃሴ ኖሯል።

ያም ሆኖ አልረካሁምና ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያሳድግ ፕሮግራም ገዛሁ። እስቲ ሒሳቡን እዩት። የእኛ ቅጂ 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ነጥብ አለው። ሙሉ ኤችዲ 1920 በ1080፣ 2,073,600 ነጥብ ነው፤ ልክ አምስት እጥፍ። የድሮው ምስል ቅርጽ 4 ለ 3 ስለሆነ ግራና ቀኙን ጥቁር ብንተወው እንኳ ከአራት ነጥብ ሦስቱ ያህል ካሴቱ ላይ ያልነበሩ ናቸው። የቤት ቪዲዮ ካሴት ደግሞ 720ውንም በቅጡ አይሞላም፤ ወደ ጎን የሚለየው 240 መስመር ገደማ ነው። የቀረውን ፕሮግራሙ ይገምታል።

ግምቱ የነጠላውን ጥበብ ልሙጥ ባለ ቀለም ጥብጣብ አደረገው። አክስቴን ጠርቼ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳሳያት አዲሱን አይታ «ፊታቸውን ቅቤ ቀቧቸው እንዴ?» አለችኝ። የባሰው መጨረሻ ላይ የሚያልፈው የባለሙያዎች ዝርዝር ነው። ፊደላችን ትርጉሙን የሚሸከመው በትናንሽ ጭረትና ቀለበት ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ትንሽ ጭረት ካየ ቆሻሻ ነው ብሎ ይጠርጋል። ‹መብራት› የሚለው ‹መበራት› ሆኖ ወጣ። የሰዎቹም ስም እንዲሁ አንድ አንድ ፊደሉ ተለውጧል። ያ ሰው ለዚያ ሥራ ያገኘው ምስክር ምናልባት ያች አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ እሷንም አሳስተን ልናስተላልፍ ነው።

ታዲያ የድሮ ፕሮግራም አይታደስ ማለቴ ነው? አይደለም፣ ነገሩ ከምንጩ ነው። በ35 ሚሊሜትር ፊልም የተቀረጸ ሥራ ውስጡ ከኤችዲ የሚበልጥ ዝርዝር ተቀብሮ ይገኛል። ስታር ትሬክ ዘ ኔክስት ጄነሬሽን የተባለው የአሜሪካ የሕዋ ተከታታይ ድራማ የተቀረጸው በፊልም፣ የተቀናበረው ግን በቪዲዮ ቴፕ ነበር። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሉሬይ ዲስክ ሲያወጡት ወደ ፊልሙ ተመልሰው እንደገና ቃኙት፣ እንደገና ቆራረጡት፣ የሕዋ ትዕይንቶቹን እንደ አዲስ አቀናበሩ። ያ ቁፋሮ ነው፤ ወጪው ከባድ ቢሆንም የወጣው ነገር ድሮም የነበረ ነው። ፊልም በሌለበት የሚደረገው ግን ሥዕል ነው። ምስሉን ለሰፊ ስክሪን ብሎ ከላይና ከታች መቁረጥማ ጭራሽ አይገባኝም። ዘ ሲምፕሰንስ የተባለው የአሜሪካ ካርቱን በ2019 እ.ኤ.አ. ዲዝኒ ፕላስ በተባለው የኢንተርኔት ማሳያ ላይ እንዲያ ተቆርጦ ሲቀርብ፣ ሦስት ዓይነት የተባለው ቢራ ሁሉ ከአንድ ቧንቧ እንደሚወርድ የሚያሳየው ቀልድ ቧንቧው ተቆርጦ ቀረ። በ2020 እ.ኤ.አ. የድሮውን ቅርጽ በአማራጭ መለሱት።

እኛ ዘንድ በስቱዲዮ በቪዲዮ ቴፕ ለተቀረጸው ሁሉ የምመኘው ከዋናው ቴፕ በጥንቃቄ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ በራሱ መጠን፣ ከነ50 ቅጽበቱ። እስከዚያው ከእያንዳንዱ ካሴት ሁለት ፋይል አስቀምጣለሁ። አንዱ ምንም ያልተነካ። ሁለተኛው 50 ምስል ያለው፣ ወደ 1440 በ1080 በተራ ዘዴ ብቻ የሰፋ ነው፤ የዛሬ ስክሪኖች ግማሽ ግማሹን ምስል አሳምረው ስለማይገጥሙ ለማየት ይህኛው ይሻላል።

በጣም የሻገቱ አራት ካሴቶችን ለይቼ በላስቲክ ጠቅልያለሁ። በአንዱ ላይ በአጎቴ እጅ ጽሑፍ «ፋሲካ» ይላል፤ ዓመቱን እርጥበቱ በልቶታል። ካሴት ፈቶ ሻጋታ ያጸዳ ካላችሁ፣ ሳልነካው በፊት ንገሩኝ።