የልብስ ሰፊ ኬክ ሐረጎን ሲወርድ

መስከረም ላይ ኬክ መጋገር ስጀምር ልኬቱ የእህቴ ነበር። እህቴ ኮምቦልቻ ትኖራለች፤ ለልጆቿ ልደት የምትጋግረው ኬክ አንድ ቀን እንኳ ሲያሳፍራት አላየሁም። ከደብተሯ ገልብጣ ሰጠችኝ፦ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 200 ግራም ስኳር፣ 3 እንቁላል፣ 120 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 120 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ትንሽ ቫኒላ። እኔ ደሴ፣ አራዳ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሜትር ጋር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ልኬት አላዛንፍም፤ እንዳለችኝ አደረግኩ። ኬኩ ኦቨን ውስጥ ሲያብጥ በመስታወቱ አይቼ ልጆቹን ጠራኋቸው። ልጆቹ እስኪደርሱ መሀሉ እንደ ወጥ ሳህን ጎድጉዶ ነበር።

እናቴ አንድ ቁራሽ አንስታ ገለባበጠችውና «ቂጣ ከፈለግሽ ይህን ሁሉ እንቁላል ምን አስፈጀሽ?» አለችኝ። እሷ ድፎ ዳቦ በኮባ ጠቅልላ፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርጋ የምትጋግር ሴት ናት፤ መናገር መብቷ ነው።

ሁለተኛው ሰመጠ። ሦስተኛውም ሰመጠ። መጀመሪያ ዱቄቱን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ እንቁላሉን፣ ከዚያ ሳይደርስ የኦቨኑን በር ከፍተሻል ብዬ ልጄን ተቆጣሁ። በመጨረሻ እህቴ ለመስቀል ሰሞን ልትጠይቀን ስትመጣ እጅጌዋን ሰብስባ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ በገዛ እጇ ጋገረች። የእሷም ሰመጠ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። እሷ አፍራ ዝም ስትል እኔ ግን ማሰብ ጀመርኩ፦ እጁ ያው፣ ልኬቱ ያው፣ ቤኪንግ ፓውደሩ እንኳ ከኮምቦልቻ በቦርሳዋ ያመጣችው። የተለወጠው አገሩ ብቻ ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሯችን የሚደፈነው የአየሩ ግፊት በዚያች አጭር መንገድ ስለሚለወጥ ነው። ኬኬን የጣለውም ይኸው ግፊት ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ የሚጫነው ነገር ያጣና ከልክ በላይ ይነፋል። እንቁላሉና ዱቄቱ ጠንክረው ግድግዳ ሳይሆኑ አረፋው ተለጥጦ ይቀደዳል፤ ጣሪያውም ይወርዳል። ሌላም አለ። ደሴ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፤ ውኃው ሲሄድ ስኳሩ ይበረታል፤ የበረታ ስኳር ደግሞ ኬኩ ቶሎ እንዳይጠነክር ያደርጋል። ባቄላ ደሴ ላይ ለምን አልበስል እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን፤ ያንን እውቀት ወደ ኬክ አምጥቼው አላውቅም ነበር።

ኦቨኔም ንጹሕ አልነበረም። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨን ናት፤ ቁልፉ 180 ቢልም ውስጡ 180 መሆኑን ማንም አልማለልኝም። ሙቀት መለኪያ ስላልነበረኝ በስኳር ፈተንኳት። ስኳር የሚቀልጠው ወደ 186 ዲግሪ ላይ ነው፤ ስለዚህ አንድ ማንኪያ ስኳር በአልሙኒየም ወረቀት ላይ አድርጎ ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። በትክክለኛ ኦቨን ቁልፉ 175 ላይ ሲሆን ስኳሩ እንዳለ ይቆያል፣ 190 ላይ ይቀልጣል። የእኔ 200 ላይ አድርጌያት ስኳሩ ነጭ እንደሆነ ቁጭ አለ። 215 ላይ ሳዞራት ነው ማር የመሰለው። እንግዲህ እስከዚያ ቀን ኬኬን ስጋግር ሳይሆን ሳሞቀው ነበር ማለት ነው! ከፍ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፤ አረፋው ከመቀደዱ በፊት ግድግዳው እንዲጠነክር ሙቀቱን ዐሥር ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ።

ጥቅምት ሙሉ በማስተካከል አለቀ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለውጠው፤ ልብስ ጠበበ ሲባል አራቱንም ጎን አንድ ላይ የሚፈታ ሰፊ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደነበር መቼም አያውቅም። አሁን የምጠቀምበት የደሴ ልኬት ይህ ነው፦ ዱቄቱ 250 ግራም እንዳለ ነው፤ ስኳሩ ወደ 170 ወረደ፤ ቤኪንግ ፓውደሩ ወደ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፤ ወተቱ ወደ 150 ሚሊ ሊትር ወጣ፤ እንቁላሉ አራት ሆነ። ስለ እንቁላሉ አንድ ነገር ልጨምር። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አስኳሉ የሚያምር ቢሆንም ትንሽ ነው፤ «3 እንቁላል» የሚል ልኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ትልቁን የፈረንጅ እንቁላል ነው። ስለዚህ መቁጠር ትቼ ፈሳሹን እመዝናለሁ፤ ያለ ቅርፊቱ 180 ግራም ሲሞላ እበቃለሁ።

ኦቨኔ አንድ መጋገሪያ ብቻ ነው የምትይዘው። መጀመሪያ ሊጡን በሙሉ በጥብጬ ግማሹን ተራ አስጠብቀው ነበር፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ድፍን ያለ ይወጣ ነበር፤ ለካስ ቤኪንግ ፓውደሩ እርጥበት ካገኘ ጊዜ ጀምሮ ጋዙን እያባከነ ነው። አሁን ደረቁንና ፈሳሹን ለየብቻ ለሁለት ከፍዬ አስቀምጣለሁ፤ የሁለተኛውን የምቀላቅለው የመጀመሪያው ሲወጣ ነው። በ20 ሴንቲ ሜትር ክብ መጋገሪያ እያንዳንዱ ከ25 እስከ 28 ደቂቃ ይፈጅብኛል። አንድ ቀን በ15ኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ። እሱን ለቡና ቁርስ በላነው።

በነገራችን ላይ መጋገሪያውን ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ያሳደግኩበት ቀን አለ። አራት ሴንቲ ሜትር ምን አላት ብዬ ሊጡን ሳልጨምር ጋገርኩ፤ የወጣው አምባሻ ነበር። ክብ ቀሚስ የምቀድ ሰው ይህን መሳቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፦ 20 በ20 አራት መቶ ነው፣ 24 በ24 አምስት መቶ ሰባ ስድስት። አንድ ጊዜ ተኩል ሊጠጋ ምን ቀረው!

ኅዳር ላይ ወደ ደስታው ደረስኩ። ኬኩን ለሁለት ለሁለት መሰንጠቅ ለብዙ ጀማሪ የሚያስፈራ ነገር እንደሆነ እሰማለሁ፤ በቢላዋ ከሆነ አዎን፣ አንዱ ጎን ይወፍራል፣ አንዱ ይሳሳል። እኔ የምሰነጥቀው በክር ነው። ዙሪያውን በቢላዋ ጫፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አሠምራለሁ፤ ጠንካራ የጂንስ ክር በመሥመሩ ውስጥ አዞርና ሁለቱን ጫፍ አጣምሬ ወደ ራሴ እስባለሁ። ኬኩ የቀዘቀዘ፣ ቢቻል ያደረ መሆን አለበት። ትኩስ ኬክ በክር አይቆረጥም፤ ይጎተታል። ከሁለት ኬክ አራት ንጣፍ አገኛለሁ። እያንዳንዱን ንጣፍ 100 ግራም ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ከብርቱካን ልጣጭ ጋር አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ሽሮፕ ሦስት ማንኪያ ያህል አርሰዋለሁ። ደሴ ኬክ ቶሎ ይደርቃል፤ ይህን የሚዘል ሰው በማግሥቱ ይጸጸታል።

ክሬሙ 250 ግራም የገበታ ቅቤና 400 ግራም የስኳር ዱቄት ነው፤ ለማለስለስ ሁለት ማንኪያ ወተት። የስኳር ዱቄቱን ከሙሽራ ቬሎ በተረፈ ስስ ጨርቅ ነው የምነፋው፤ ወንፊቴ የሚያሳልፈውን ጓል እሱ ይይዛል። አንዲት ደንበኛዬ «ለጋ ቅቤ እያለ?» ብላኝ ሞክሬዋለሁ። ለጋ ቅቤ የራሱ ውኃና የራሱ መዓዛ አለው፤ ኬኩ ገንፎ ገንፎ አለ። ዋናው ጠላቴ ግን የደሴ ብርድ ነበር። በጠዋት የገበታ ቅቤ ጨርቅ ከማሠምርባት የሳሙና ቁራጭ አይለይም፤ እየደረቀ ስደበድበው ይቆራረጥና እንደ አይብ ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ የጎድጓዳ ሳህኑን ቂጥ ሙቅ ውኃ ላይ ለአፍታ አስቀምጦ እንደገና መምታት። ቅቤው ዳር ዳሩን ሲያብለጨልጭ ወዲያው ማንሣት።

ኬኩ ሁለት ጊዜ ይቀባል። የመጀመሪያው ስስ ሆኖ ፍርፋሪውን ይዞ የሚያስቀር ነው፤ እኔ «ገበር» እለዋለሁ። ገበር የሌለው ኮት የትከሻውን ጉድለት እንደማይደብቅ ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ የተቀባ ኬክም ፍርፋሪው ቆዳው ላይ ይታያል። ገበሩን ቀብቼ ብርድ ላይ ለግማሽ ሰዓት አኖረዋለሁ፤ እዚህ ላይ የደሴ ብርድ ወዳጅ ነው፣ ማቀዝቀዣ አያስፈልገኝም። ከዚያ ሽፋኑ። ጎኑን የማስተካክለው በማሠመሪያ ነው፤ ማሠመሪያው ቆሞ ይያዛል፣ የሚዞረው ኬኩ ነው።

ማስጌጡ ላይ ብዙ ተዋረድኩ። ጽጌረዳ ብዬ የጀመርኩት ጥቅል ጎመን ሆነ። ለሦስት ሳምንት የሠራሁትን ሁሉ እያፈረስኩ፣ ያንኑ ክሬም መጭመቂያው ከረጢት ውስጥ እየመለስኩ ጎመን ሳመርት ከረምኩ። አንድ ማታ የአንዲት ልጅ የአገር ባህል ቀሚስ አንገት ላይ ጥልፍ እየጠለፍኩ ሳለሁ እጄ ቆመ። እኔ ጽጌረዳ መሥራት ማን አስገደደኝ? በማግሥቱ ትንሹን ክብ አፍ ከረጢቱ ላይ አድርጌ ያንኑ ጥልፍ፣ መስቀለኛውንና ሰንሰለቱን፣ በኬኩ ዙሪያ አወረድኩት። ማሽን ላይ እግሬ የሚሠራውን እዚህ የቀኝ መዳፌ ሠራው፤ ግራዬ እንደ ልማዱ መራ። የመጨመቂያው ጉልበት እኩል ከሆነ ክሩም እኩል ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ትንሽ ቀይ። ጽጌረዳ አሁንም አልችልም፤ አላዘንኩበትምም።

ያ ሁሉ ጥልፍ ሐረጎ ላይ አለቀ። ታኅሣሥ ላይ እህቴን ላስደንቅ ብዬ ያለቀለትን ኬክ በካርቶን አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ እንዳይነካብኝ ጭኔ ላይ አቀፍኩት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የላይኛው ንጣፍ ወደ ገደሉ አዘነበለ። ሾፌሩ ወደ ግራ ሲያጥፍ ኬኩ ወደ ቀኝ፣ ሾፌሩ ወደ ቀኝ ሲል ኬኩ ወደ ግራ፤ አጠገቤ የተቀመጡ አባት «ልጄ፣ ይህ ነገር ሕይወት አለው እንዴ?» አሉኝ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ የቀረውን ክሬም አለሳለሰው። እህቴ ካርቶኑን ከፍታ አየችና ማንኪያ አመጣች።

ጥፋቴ ሦስት ነበር። በንጣፎቹ መካከል ያደረግኩትን ማርማላታ እስከ ጠርዙ ድረስ ቀብቼው ንጣፎቹ እንደ ቅባት ተንሸራተቱ፤ ጠርዙ ላይ መጀመሪያ የክሬም ግድግዳ ዙሪያውን ተሠርቶ ማርማላታው ከውስጥ መቅረት ነበረበት። በመሀሉ ከላይ እስከ ታች የሚያልፍ ቀጭን እንጨት አልሰካሁም። ጭን ደግሞ ሜዳ አይደለም፤ ኬክ የሚቀመጠው ጠፍጣፋ የመኪና ወለል ላይ ነው።

ጥር ላይ የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላት ብልሃቱን ቀየርኩ። አራቱን ንጣፍ አርሼ፣ አንድ በአንድ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ክሬሙን ክዳን ባለው ዕቃ ይዤ ሌሊት ማለት ይቻላል ወረድኩ። የሰፋሁት እህቴ ቤት ነው፤ «የሰፋሁት» ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ለኮምቦልቻ ሙቀት ክሬሙ ላይ 100 ግራም የስኳር ዱቄት ጨመርኩ፤ ወተቱን ጨርሶ ተውኩት። ልጅቷ ጥልፉን ስታይ «የእኔ ቀሚስ ነው!» አለች፤ እውነትም የእሷ ቀሚስ ነበር፣ ለእንቁጣጣሽ የሰፋሁላት። ሻማው ከተነፋ በኋላ መሀሉን የሚቆርጠው ሰው ጠፋ፤ እኔ ነኝ በስተመጨረሻ ቢላዋውን ያነሣሁት። በቀኝ በኩል ትንሽ ዘንበል ብሎ ነበር፤ ከእኔና ከእህቴ በቀር ማንም አላየውም።

አሁን የካቲት ነው፤ ዐቢይ ጾም ገብቷል። እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ የሰመጠውንም ያልሰመጠውንም ኬክ በትዕግሥት የቀመሱ ናቸው፤ ጾሙ ሲገባ «እኛንስ ማን ያስበን?» አሉኝ። እንቁላልም ወተትም ቅቤም የሌለበት ኬክ መጋገር አለብኝ። በእንቁላል ፋንታ ተልባ እንደሚሆን ተማርኩ፦ ለአንድ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ በጥብጦ እስኪያዝ መጠበቅ። በወተቱ ፋንታ ውኃና የብርቱካን ጭማቂ አደረግኩ። ያለፈው ሐሙስ ጋገርኩት። ጥፋቴ ተልባውን እንደ ልማዳችን ቆልቼ መውቀጤ ነው፤ ቤቱ በሙሉ ተልባ ተልባ ሸተተ፤ ለአራት እንቁላል አራት ማንኪያ አስገብቼም መሀሉ ሙጫ ሆነ። ባይሰምጥም ኬክ የሚባል ነገር አልነበረም። እትዬ አንድ ቁራጭ በዝግታ አላምጠው ዋጡና «ለተልባ ደኅና ነው» አሉኝ።

ለእሑድ ሁለተኛውን አስቤያለሁ፤ ጥሬ ተልባ፣ በግማሽ የተቀነሰ።