ወደ ላሳ በባቡር፣ ከላሳ ወደ ኤቨረስት በመኪና፦ ከመንገዱ ይልቅ ማደሪያውን አስሉ

ወደ ቲቤት በባቡር ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎች ዘንድ በጣም የሚያሳስበኝ አንድ እምነት አለ፤ «ባቡሩ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ሰውነት ከፍታውን እየለመደ ይሄዳል» የሚል። እውነቱ ሌላ ነው። ከቻይናዋ ከተማ ከሺኒንግ እስከ ቲቤት ዋና ከተማ ላሳ ሐዲዱ 1,956 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባቡሩ ይህን በ21 ወይም በ22 ሰዓት ይጨርሰዋል። በመንገዱ ላይ ባለችው ጎልሙድ ከተማ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ታንጉላ መተላለፊያ ላይ 5,072 ሜትር ይደርሳል፤ ይህ ከራስ ዳሸን ጫፍ በ500 ሜትር ያህል ይበልጣል። ሰውነት እንዲህ ያለውን ከፍታ ለመልመድ ቀናት ያስፈልጉታል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ወረቀት አውጡና እያንዳንዱን ሌሊት የት፣ በስንት ሜትር ከፍታ እንደምታድሩ ጻፉ። የቀረው እቅድ ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

የተለመደው ምክር ይህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከወጣችሁ በኋላ የምታድሩበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስት ወይም አራት ቀኑም እዚያው ከፍታ ላይ አንድ ቀን ዕረፉ። ቀን ላይ ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ችግር የለውም፤ እንዲያውም ይረዳል።

መነሻችሁ አዲስ አበባ ከሆነ አንድ ጥቅም አላችሁ። ሺኒንግ 2,270 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ጋር ተቀራራቢ ነው። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ሐበሻ ግን፣ ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገም ቢሆን፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከከረመ ልምዱን አጥቷልና ከዜሮ እንደሚጀምር ይቁጠር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) መጠናቸውና የደማቸው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ እንደተገኘ ያሳያል። ግሩም ግኝት ነው። ነገር ግን ጥናቱ የሚናገረው እዚያው ስለሚኖሩት ነው፤ ለከተሜ ተጓዥ ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ከዝቅተኛ ቦታ የምትመጡ ሺኒንግ ላይ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። ቀኑ አይባክንም፤ የቲቤት ቡድሂዝም ታላቅ መምህር የጸንግካፓ የትውልድ ቦታ የሆነው ታላቁ የኩምቡም ገዳም ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፣ የቺንግሃይ ሐይቅ ዳርቻም 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለልምምድ ይጠቅማል።

ወደ ፈቃዱ ልለፍ። የቻይና ቪዛ ብቻውን ቲቤት አያስገባም። የቲቤት የጉዞ ፈቃድ የሚወጣው በተፈቀደለት አስጎብኚ ድርጅት በኩል ነው፤ የፓስፖርታችሁንና የቪዛችሁን ቅጂ ከወር በፊት ላኩ። ብቻን መዞር፣ በሕዝብ አውቶቡስ መሄድ አይፈቀድም፤ አስጎብኚና የተከራየ መኪና ግዴታ ነው። ከላሳ ወጥቶ ወደ ሺጋትሴና ኤቨረስት ለመሄድ ተጨማሪ ወረቀት ያስፈልጋል፤ እሱንም ድርጅቱ ያወጣዋል። ጋዜጠኞችና ዲፕሎማቶች በቱሪስት ፈቃድ አይገቡም። ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ አካባቢ ክልሉ ለውጭ ዜጎች በአብዛኛው ዝግ ስለሚሆን የዐቢይ ጾምን ዕረፍት ለዚህ አታስቡት። ሺኒንግ ጣቢያ ላይ ፈቃዱን ካላሳያችሁ ባቡር አትሳፈሩም፤ በስልክ ብቻ አትመኑ፣ አትማችሁ ያዙ።

ትኬት የሚቆረጠው በፓስፖርት ስም ነው፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ በር ላይ ያስቀራል። ሦስት ደረጃ አለ። ወንበሩ ርካሽ ነው፣ ግን ለዚህ ርዝመት አልመክረውም። ስድስት አልጋ ያለውና በር የሌለው ክፍል ዋጋው መካከለኛ ነው፤ አራት አልጋና በር ያለው ከሁሉም ይወደዳል። በስድስቱ ክፍል የታችኛውን አልጋ ምረጡ፤ ላይኛው ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አይቻልም፣ ራስ ምታት ያለበት ሰው ደግሞ መሰላል ሲወጣና ሲወርድ ይብስበታል።

የመነሻ ሰዓቱ ከአልጋው ይበልጥ ወሳኝ ነው። ከሺኒንግ ጎልሙድ ሰባት ሰዓት፣ ከጎልሙድ ላሳ ዐሥራ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሊታይ የሚገባው ሁሉ ያለው ከጎልሙድ በኋላ ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት (ትኬቱ ላይ ከ20፡00 እስከ 23፡00) የሚነሳውን ውሰዱ፤ ጎልሙድን ሊነጋ ሲል ታልፋላችሁ፣ ከፍተኛው ሜዳም በቀን ይመጣላችኋል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን የወሰደ ሰው የኩንሉንና የታንጉላን ተራሮች በጨለማ ያልፋቸዋል። መላው ቻይና በቤጂንግ ሰዓት ስለሚሠራ እዚያ ምዕራብ ላይ ፀሐይ ዘግይታ እንደምትወጣም ልብ በሉ።

ስለ ኦክስጅኑ ብዙ ስሕተት ይነገራል። ፉርጎው እንደ አውሮፕላን ግፊቱ የተጠበቀ አይደለም። የታሸገ የድንች ጥብስ ይዛችሁ ከነበረ ታንጉላ አካባቢ ፌስታሉ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ታገኙታላችሁ፤ ቀለም ያለው ብዕርም ኪስ ውስጥ ሊያፈስ ይችላል። 5,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ግማሹን ጥቂት ነው የሚበልጠው። ባቡሩ የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው፦ ከጎልሙድ ጀምሮ በአየር ማስገቢያው በኩል የክፍሉን የኦክስጅን ድርሻ በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፤ በየአልጋውና በየወንበሩ አጠገብ ደግሞ የአፍንጫ ቱቦ የሚሰካበት ቀዳዳ አለ። ቱቦውን ከአስተናጋጇ ጠይቁ። ኦክስጅኑን መሳብ እንደ ሽንፈት አይቆጠር፤ ግን ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ ሰውነታችሁን አያለማምድም። ሲጋራ ከጎልሙድ በኋላ ፈጽሞ ክልክል ነው።

በመስኮት በኩል ብዙዎች ኬኬሺሊ በሚባለው ሰፊ ሜዳ ያሉትን የቲቤት ሚዳቋዎች ይጠብቃሉ፤ ለእነሱ ማለፊያ ተብሎ ሐዲዱ በድልድይ የተነሳባቸው ቦታዎች አሉ። እኔ ግን ከሐዲዱ ግራና ቀኝ መሬት ላይ ተተክለው የቆሙትን የብረት ቱቦዎች እዩ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከተከፈተው ከጎልሙድ እስከ ላሳ ካለው መስመር 550 ኪሎ ሜትር ያህሉ የተዘረጋው ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ በሚኖር አፈር ላይ ነው። አፈሩ ከቀለጠ ሐዲዱ ይሰምጣል። ቱቦው ውስጥ አሞኒያ ታሽጓል። በብርዱ ወራት ከላይ ያለው አየር ከመሬቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ አሞኒያው ታች ያለውን ሙቀት ወስዶ ይተናል፣ ላይ ወጥቶ ሙቀቱን ለአየሩ ይሰጥና ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። በሙቀቱ ወራት አየሩ ሲሞቅ ዑደቱ በራሱ ይቆማል፣ ሙቀት ወደ ታች አይገባም። ሞተርም መብራትም የለው። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ አየር የሚያሳልፍ የተፈጨ ድንጋይ ይደለደላል ወይም ሐዲዱ እንዳለ በድልድይ ይነሳል፤ የቺንግሹይሄ ድልድይ ብቻውን 11.7 ኪሎ ሜትር ነው።

ላሳ 3,650 ሜትር ላይ ናት። ሦስት ሌሊት ስጧት። በመጀመሪያው ቀን ባርኮር በሚባለው የድሮው ከተማ አካባቢ ሜዳው ላይ በዝግታ ዙሩ፤ በሁለተኛው ሴራ ገዳም ሂዱ፣ መነኮሳቱ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ እጃቸውን እያጨበጨቡ ይከራከራሉ። የፖታላን ቤተ መንግሥት ለሦስተኛው ቀን አቆዩት፤ ደረጃው ብዙ ነው፣ ውስጥ የሚሰጠው ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነም እያረፉ መውጣት የሚቻለው ከውጭ ሳላችሁ ነው። መጠጥና የእንቅልፍ ክኒን በእነዚህ ሌሊቶች አይነካ፤ ሁለቱም አተነፋፈስን ያደክማሉ።

አሴታዞላማይድ (ዲያሞክስ) የሚወስድ ሰው በአብዛኛው የሚታዘዝለት 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ነው፤ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ይጀመራል። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ያደነዝዛል፣ ለስላሳ መጠጥን ጣዕሙን ያጠፋል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሐኪም ሳያማክር እንዳይነካው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሲመጣ ወደ ላይ መሄድ ይቁም። በቀጥተኛ መስመር ላይ ተረከዝን ከሌላው እግር ጣት እያስነካችሁ ተራመዱ፤ የሚንገዳገድ ሰው አንጎሉ ማበጥ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ያጠረው፣ የሚያስለው ሰው ሳንባው ውኃ እየያዘ ይሆናል። ሁለቱም ሳይነጋ መውረድን ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ፦ ላሳ ላይ የታመመ ሰው በዚያው ባቡር ወደ ሺኒንግ መመለስ የለበትም፣ ምክንያቱም ባቡሩ መልሶ 5,072 ሜትር ላይ ይወስደዋል። መውጫው 500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ቼንግዱ በአውሮፕላን መብረር ነው፤ ኢንሹራንሳችሁ ይህን መሸፈኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከላሳ ወደ ምዕራብ በመኪና ስትወጡ መጀመሪያ የያምድሮክ ሐይቅ (4,441 ሜትር) ይመጣል፣ ከዚያ ካሮ ላ ላይ («ላ» በቲቤትኛ የተራራ መተላለፊያ ማለት ነው) የበረዶ ግግሩ ከመንገዱ አጠገብ ይታያል። ማደሪያው ግያንትሴ ወይም ሺጋትሴ ነው፤ ሁለቱም 4,000 ሜትር አይሞሉም፣ ስለዚህ እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ስሕተቱ የሚሠራው በማግስቱ ነው። ብዙ የጉዞ መርሐ ግብር ከሺጋትሴ (3,840) በአንድ ቀን ወስዶ በኤቨረስት ግርጌ ባለው ሮንግቡክ (5,000 ገደማ) ያሳድራል። ይህ በአንድ ሌሊት ከ1,100 ሜትር በላይ ጭማሪ ነው። ሸልካር ላይ፣ 4,300 ሜትር አካባቢ፣ አንድ ሌሊት እንዲጨመር ጠይቁ። አሁንም የሚከብዳችሁ ከሆነ ሮንግቡክን ቀን አይታችሁ ለአዳር ውረዱ። የኤቨረስት የምሽት ጀንበር ያመልጣችኋል፤ ግን ጋዉ ላ ላይ በጠዋት ቆማችሁ ማካሉን፣ ሎትሴን፣ ኤቨረስትንና ቾ ኦዩን በአንድ ረድፍ ማየት ይቻላል። ይህ የሚሆነው በሚያዝያና ግንቦት ወይም በመስከረምና ጥቅምት ነው፤ በክረምታችን ወራት እዚያም ዝናብ ስለሆነ ተራራው በደመና ይሸፈናል።

ምግቡ አያስቸግራችሁም። የቲቤቶች ዋና ምግብ ጻምፓ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ በሶአችንን የሚያውቅ ሰው ገና በጠረኑ ይለየዋል። የሚያሹት ጨውና የያክ ቅቤ ባለው ሻይ ስለሆነ ጾመኛ ከሆናችሁ ዱቄቱን ብቻ ተቀብላችሁ በጥቁር ሻይ ወይም በውኃ በጥብጡት። በሁሉም ከተማ የሲቹዋን ምግብ ቤት አለ፤ አትክልትና ሩዝ ሲታዘዝም «ያለ ሥጋ፣ ያለ ስብ» ብሎ አስጎብኚው እንዲነግርላችሁ አድርጉ፣ አለዚያ በአሳማ ስብ ይጠበሳል።

ገዳም ስትገቡ ጫማ አይወለቅም፣ ኮፍያ ግን ይወለቃል። ደፉን ተሻገሩት እንጂ አትርገጡት። ዙረቱ በቀኝ ነው፣ ማለትም ቅዱሱ ነገር ሁልጊዜ በቀኝ እጃችሁ በኩል ይሁን። ውስጥ ፎቶ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፤ በሚፈቀድበት ይከፈላል። የዳላይ ላማን ምስል አትያዙ፣ ፖለቲካንም ከአስጎብኚያችሁ ጋር አታንሱ፤ መዘዙ እናንተን ሳይሆን እሱን ነው የሚያገኘው።

ወደ ኔፓል በድንበር መተላለፊያው በጊሮንግ በኩል በመኪና ለመውረድ ለምታስቡ፦ ሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጎርፍ የድንበሩን ድልድይ ወስዶታል፤ የመተላለፊያውን ሁኔታ በጉዞው ሳምንት አረጋግጡ፣ ዝግ ከሆነም ከላሳ ካትማንዱ የሚበር አውሮፕላን አለ። ከኔፓል በኩል የምትገቡ ደግሞ ካትማንዱ ላይ የቡድን ቪዛ ይሰጣችኋል፤ እሱ ሲሰጥ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው የቻይና ቪዛ ይሰረዛልና በኋላ ቤጂንግ ወይም ጓንጁ ሥራ ያላችሁ ነጋዴዎች አቅጣጫውን ገልብጡት፤ በሺኒንግ ግቡ።