ሞተሩን አይቼ ጀልባዋን ሳላይ

ጋሼ የደወሉልኝ በ2022 መጋቢት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ጀልባ አግኝቻለሁ። አንተ የሙያው ሰው ነህና ነገ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ሄደን እንያት» አሉኝ። ያደጉት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። የልጅ ልጃቸውን ይዘው ቼሳፒክ በተባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ ዓሣ ማጥመድ ካሰቡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለዚሁ ብለው ያጠራቀሙት 11,000 ዶላር ነበር።

እኔ ያኔ አናፖሊስ አካባቢ ከሚገኝ የጀልባ ጥገና ግቢ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ሳለሁ የጋራዥ መካኒክ ነበርኩ፤ እዚህም የተቀጠርኩት በሞተር ሙያዬ ነው። የጋሼ አደራ ደስ አሰኝቶኝ የመሣሪያ ሣጥኔን ማታውኑ መኪና ላይ ጫንኩ።

ሻጩ ቤት ስንደርስ ጀልባዋ ተሳቢዋ ላይ እንደተጫነች ቆማለች። ርዝመቷ 19 ፊት ነው፣ ወደ 5.8 ሜትር። መሪዋ መሀል ላይ የቆመ፣ ዙሪያዋ ክፍት የሆነ፣ በባሕር ዳርቻ ለሚያጠምድ ሰው የሚመች ዓይነት ናት። ሰውነቷ በቅርቡ ተወልውሎ ያበራል። ከኋላዋ የታሰረው ባለ አራት ምት፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የ2011 ሥሪት ነው። ዓይኔ እሱ ላይ አረፈ፤ ከዚያም አልተነሳም።

ሞተሩን በትጋት ነው የመረመርኩት። አራቱንም ካንዴላዎች ፈትቼ ኮምፕሬሽን ለካሁ፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከአሥር በመቶ በታች ነው፣ ይህ የጤነኛ ሞተር ምልክት ነው። የታችኛውን የማርሽ ዘይት ከፍቼ አየሁ። ውኃ የገባበት ዘይት ማኪያቶ ይመስላል፤ ይሄኛው ግን ንጹሕ ነበር። ኮምፒውተር ሰክቼ የሠራበትን ጊዜ ሳነብ 410 ሰዓት ነው፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ሞተር ትንሽ ነው። የውኃ ጎማ ገጥመንለት ስናስነሳው በአንድ ቁልፍ ተነሣ፤ የማቀዝቀዣው ውኃም ከጎኑ በኃይል ፈሰሰ።

ጋሼ ይህን ሁሉ ስሠራ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጀልባዋን ሲዞሩ ቆዩ። በመጨረሻ «ሞተሩስ እሺ፤ ጀልባዋስ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ እንዲህ ከሆነ ጀልባዋ ምን ትሆናለች? ፋይበርግላስ እኮ አይበሰብስም» አልኳቸው።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ መልሴ ነው። ፋይበርግላስ አይበሰብስም፣ እውነት ነው። በሁለቱ የፋይበርግላስ ቆዳዎች መካከል ተጣብቆ ያለው ኮምፔንሳቶ ግን ይበሰብሳል። ድሮ የተሠሩ ብዙ ትንንሽ ጀልባዎች የኋላ ግድግዳቸው፣ በሙያው ትራንሰም የሚባለው፣ ውስጡ እንጨት ነው። ሞተሩ የሚታሰረውም እዚያ ላይ ነው። እኔ ግን ያሰብኩት እንደ መኪና ሰው ነበር። መኪና ሲገዛ ጆሮ የሚጣለው ሞተሩ ላይ ነው፤ መኪና ቢበላሽም ቢያንስ መሬት ላይ ነው የሚቆመው።

ሻጩ ትንሽ ቀንሶ በ9,500 ዶላር ተስማሙ። ውኃው ገና ቀዝቃዛ ስለነበር አውርደን እንሞክራት ብዬ አልጠየቅሁም። ጋሼ ለሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት አምስት በመቶ ግብሩን ከፍለው ባለቤትነቷን ወደ ስማቸው አዞሩ። ሰኔ ላይ እኔ፣ ጋሼና የአሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ከሳንዲ ፖይንት ተነሥተን ቤይ ብሪጅ ከተባለው ድልድይ ሥር ለማጥመድ ወጣን። ልጁ ከቤት ጀምሮ ላይፍ ጃኬቱን ለብሶ ነው የመጣው። በሜሪላንድ ከ21 ፊት ባነሰ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጃኬቱን መልበሱ ግዴታ ነው፤ ሕጉ ባይኖርም እሱ የሚያወልቀው አይመስልም ነበር።

ጠዋቱ እንደ መስታወት የረጋ ነበር። ዓሣው የድልድዩን ምሰሶዎች ተጠግቶ ስለሚበላ ጀልባው ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ልጁ አምስት ትንንሽ ፐርች አወጣ። የጋሼን ፊት እንደዚያ ቀን በርቶ አይቼው አላውቅም።

አምስት ሰዓት ገደማ ከደቡብ ነፋስ ተነሣ። ቼሳፒክ ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ ወደ 6.5 ሜትር ብቻ ነው። ጥልቀት የሌለው ውኃ በነፋስ ሲመታ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ደግሞ ውኃው እየጎደለ ወደ ደቡብ ይፈስ ስለነበር ከነፋሱ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሌላ ባሕር ሆነብን።

መልሕቁን ስበን ሞተሩን ሳስነሳው ግሩም ነበር። ጉልበት ስጨምርበት ግን ከኋላዬ እንግዳ ነገር ተሰማኝ። ዞር ብዬ ሳይ በእያንዳንዱ ማዕበል ሞተሩ ወደ ኋላ ሄድ ይልና ይመለሳል። መጀመሪያ ማሰሪያው የላላ መሰለኝ። ቀረብ ብዬ ሳየው ቡሎኖቹ ጥብቅ ናቸው፤ የሚነቃነቀው ግድግዳው ነው፣ ከነሞተሩ። በማዕዘኑ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተከፍቶ ይዘጋል። የወለል ውኃ ማውጫ የሆኑት የኋላ ቀዳዳዎች ከባሕሩ በታች ወርደው ውኃ ወደ ውስጥ ያስገባሉ። ከወለሉ ሥር ያለው ፓምፕም ሳያቋርጥ ይሠራል።

«ጋሼ፣ ልጁን ይዘው ወደ ፊት ይሂዱ፤ የበረዶ ሣጥኑንም ይውሰዱት» አልኳቸው። ምንም ሳይጠይቁኝ ሄዱ። ጉልበቱን ቀንሼ፣ መሪው እስከታዘዘልኝ ድረስ ብቻ እየገፋሁ ተጓዝኩ። በጠዋት በጥቂት ደቂቃ የሄድናትን መንገድ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። ማንም አልተናገረም። መውረጃው ላይ ደርሰን ተሳቢዋ ላይ ካወጣናት በኋላ የሥር መክፈቻዋን ስፈታ ውኃው ረጅም ጊዜ ፈሰሰ፤ መኪናው ዘንድ ሄጄ ብመለስም ገና ይፈስ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጀልባዋን ወደ ግቢያችን አመጣኋት። የፋይበርግላስ ሥራ የምትሠራ ባልደረባ አለችኝ፤ አባቷም አያቷም ቼሳፒክ ላይ ሸርጣንና ኦይስተር ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። ወደ ሞተሩ እንኳ አላየችም። ፕላስቲክ ራስ ያላት ትንሽ መዶሻ ከኪሷ አወጣችና የኋላውን ግድግዳ ከላይኛው ጥግ ጀምራ ትቆረቁር ጀመር። ላይኛው ጥርት ያለ ደረቅ ድምፅ ሰጠ። ወደ ታች ስትወርድ ድምፁ ደነዘዘ፣ እርጥብ ጆንያ እንደመምታት ሆነ። ከታች በኩል የዓሣ ፈላጊው መሣሪያ የታሰረበትን ቪቴ ፈታች። ከቀዳዳው ቡናማ ውኃ ወጣ፣ ቀጥሎም የረጠበ የቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ነገር። ያ ኮምፔንሳቶ የነበረው ነው። ሽታውን አልረሳውም።

አንድ ሰው መሣሪያውን ሲገጥም ቀዳዳውን በማሸጊያ አልደፈነውም፣ ጥፋቱ ይህን ያህል ነው። ጀልባዋም ሳትሸፈን ለዓመታት ዝናብ ወርዶባታል። ባልደረባዬ እንደነገረችኝ ጨዋማ ውኃ እንጨትን በመጠኑ ይጠብቃል፤ ቶሎ የሚያበሰብሰው የዝናብ ውኃ ነው። ፋይበርግላሱ ከውስጥም ከውጭም ደህና ስለሚመስል ዓይን ይታለላል። ሁለቱ ቆዳዎች ጉልበት የሚኖራቸው በመካከላቸው ያለው እንጨት ሲጠነክር ነው። እሱ ሲላሽቅ እንደ ካርቶን ይታጠፋሉ።

ከዚያ በግድግዳው በስተቀኝ፣ ከላይ የተቀረጸውን የጀልባ መለያ ቁጥር በጣቷ አሳየችኝ። አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመተ ምሕረቱን ይናገራሉ። 97 ይላል። «ሞተሩ ከጀልባዋ በአሥራ አራት ዓመት ያንሳል። የመጀመሪያው ለምን ተቀየረ ብለህ አልጠየቅህም?» አለችኝ። አልጠየቅሁም። ከመቀመጫው ሥር ያገኘነው አሮጌ መመሪያ መጽሐፍ የባለ ሁለት ምት 90 ፈረስ ሞተር ነበር፣ ክብደቱ ከ140 ኪሎ በታች። አዲሱ ወደ 180 ኪሎ ይመዝናል። እኔ እንደ ጌጥ ያየሁት ሞተር ለዚያ ደካማ ጀርባ የተጨመረ ሸክም ነበር።

የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ወስደን ተሳቢውን ቀንሰን ስናሰላ ጀልባዋ መሆን ከነበረባት 350 ኪሎ ያህል በልጣ ተገኘች። እንዳትሰጥም ተብሎ ከወለሏ ሥር የተሞላው ፎም ውኃ ጠጥቶ ነበር።

ይህን ስሰማ ሰውነቴ ቀዘቀዘ፤ እኔ የጣና ልጅ ነኝና። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፣ ደንገል ደግሞ ውኃ ይጠጣል። አስጋሪ ከሐይቅ ሲመለስ ታንኳውን ጎትቶ ያወጣና ውኃው እንዲንጠፈጠፍ፣ ፀሐይም እንዲያገኘው ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። አያቴ የሰው ታንኳ ሲዋሱ መጀመሪያ አፍንጫውን ይዘው ከፍ ያደርጉ ነበር። ከከበዳቸው አመስግነው ይመልሱታል፣ ያማረ አዲስ ቢመስልም። ይህንን በስምንት ዓመቴ አውቀው ነበር። ፋይበርግላስና ኮምፒውተር የሚነበብ ሞተር ሳይ ግን ከአእምሮዬ ጠፋ።

ማታ ጋሼ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሞተሩን እንጂ ጀልባዋን እንዳልመረመርኩ፣ ሲጠይቁኝም ሳላውቅ በድፍረት እንደመለስኩላቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ነፋሱ በርትቶ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ተገንጥሎ ይወድቅ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ሊሆን ይችል ነበር አልኳቸው። ልጁ ወዳለበት ክፍል ተመለከቱ፤ ከዚያ «እንግዲህ እንሥራት» አሉ።

ሐምሌን በሙሉ ቅዳሜና እሑድ ሠራናት። አለቃችን የግቢውን ጥግ በነፃ ፈቀደልን፤ ባልደረባዬ ሙያዋን ሰጠችን፤ የጋሼ ባለቤት ምሳ ቋጥረው ይልኩልን ነበር። የውስጡን ቆዳ ቆርጠን የበሰበሰውን በማንኪያ ሳይቀር ጠረግን። ሁለት ድርብ የባሕር ኮምፔንሳቶ በኢፖክሲ አጣበቅንና በፋይበርግላስ ጨርቅ ሸፈንነው። ቀዳዳ ሁሉ መጀመሪያ ሰፋ ተደርጎ ተበሳ፣ በኢፖክሲ ተሞላ፣ ከደረቀ በኋላ በልኩ እንደገና ተበሳ፤ ቡሎኑ እንጨቱን ጨርሶ እንዳይነካው። እርጥቡን ፎም በአካፋ አውጥተን በአዲስ ተካነው። ለቁሳቁስ ብቻ 1,900 ዶላር ወጣ። ግማሹን እኔ ቻልኩ፤ ጋሼ እንቢ ቢሉም አልተውኳቸውም።

አሁን ሰው ያገለገለ ጀልባ እንዳይለት ሲጠራኝ ከኋላ ነው የምጀምረው። ሞተሩን በራሱ ማንሻ ወደ ላይ አንስቼ የታችኛው እግሩ ላይ በሁለት እጄ እጫናለሁ፤ ሌላ ሰው ግድግዳው ሲተጣጠፍ እንዲያይልኝ አደርጋለሁ። መተጣጠፍ ካለ የቀረውን ማየት አያስፈልገኝም። ቀጥሎ መዶሻዬ ነው፤ በተለይ ከውኃ መስመር በታች የተበሳ ነገር ባለበት ዙሪያ። ጫማዬን አውልቄ ወለሏ ላይ እሄዳለሁ፣ ከተረከዝ ሥር የሚለሰልስ ቦታ በጫማ አይታወቅም። የመለያ ቁጥሯንና የሞተሩን ዓመት አስተያያለሁ፤ ከተለያዩ ሻጩን ምክንያቱን እጠይቃለሁ። በጎኗ የተለጠፈው የጭነት ልክ ምን ያህል ፈረስና ስንት ኪሎ እንደሚፈቅድ አነባለሁ። ከዚያ ውኃ ላይ ወርዳ፣ ሦስት ሰው ከኋላዋ ቆሞ፣ ቀዳዳዎቿ ከውኃ በላይ መሆናቸውን አያለሁ። ሻጩ ውኃ ላይ አላወርድም ካለ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ካንዴላ የምፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሞተር ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ የላሸቀ ጀርባ ግን ሞተሩንም ሰዎቹንም ይዞ ይሄዳል።

ባለፈው ሳምንት ከቨርጂኒያ አንድ ወጣት ደወለልኝ። የ21 ፊት ጀልባ አግኝቶ አሥራ አራት ፎቶ ላከልኝ፤ አሥራ ሁለቱ የሞተሩ ናቸው፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ እንደ ሰርግ ፎቶ ከየአቅጣጫው።

«ከኋላዋ፣ ከታች በኩል ያነሣኸው የለህም?» አልኩት።

«የለኝም። ግን ወንድሜ፣ ሞተሩ እኮ አዲስ ነው!»

«ቀብድ ከፍለሃል?»

«ነገ ልከፍል ነበር።»

«አትክፈል። ቅዳሜ መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ።»