ዲጂታል ፖርትፎሊዮ በክፍሌ፦ ከግራጫው ሳጥን ጋር የገጠምኩት ትግል

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ተሳካልኝና ዝም ማለት አቃተኝ። የተማሪዎቼ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም እያንዳንዱ ልጅ የዓመት ሥራውን ሰብስቦ የሚያሳይበት ገጽ፣ በሙሉ በወላጆች ስልክ ላይ ተከፈተ። «ፈቃድ ጠይቅ» የሚል ሳጥን አንድም አልመጣም። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። የተማሪ ሥራ በሊንክ ለማሳየት የሞከረ አስተማሪ ግን ደስታዬ ይገባዋል።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ በአጭሩ ልለፈው። እንደማንኛውም ጀማሪ ያገኘሁትን ሁሉ ነካካሁ። ፓድሌት፣ ክፍሉ በጋራ የሚለጥፍበት የኢንተርኔት ሰሌዳ፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ግሩም ነው። ግን ሰሌዳው የክፍሉ እንጂ የልጁ አይደለም፤ የአንድን ልጅ የዓመት ለውጥ ልከታተልበት ስል ተበታተነብኝ። ቡክ ክሪኤተር መጽሐፍ ለሚሠሩ ልጆች ወደር የለውም፤ ያለቀውን በኢፐብ (የኢ-መጽሐፍ ፋይል) ወይም በፒዲኤፍ ማውጣት ይቻላል። ማሃራ የሚባለውን ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌርም አየሁት። ለፖርትፎሊዮ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ሙድል ከሚባለው የኢንተርኔት መማሪያ መድረክ ጋርም ይገናኛል። ነገር ግን ሰርቨር ይፈልጋል፤ ሰርቨሩን የሚንከባከብ ሰውም ይፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ እኔ አይደለሁም።

ሲሳው የሚባለው የትምህርት ቤት አፕ ላይ ትንሽ ልቁም። ፊደል ገና ለሚቆጥሩ ልጆች ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ልጁ ኪውአር ኮዱን በታብሌቱ ካሜራ ያነሳል፣ በቃ ገባ። ፓስወርድ የለ፣ «ቲቸር ረሳሁት» የለ። ሥዕሉን ፎቶ ያነሳል፣ ማይክሮፎኗን ነክቶ ይናገራል። አስተማሪው ካላጸደቀው ወላጅ ዘንድ አይደርስም። ትልልቆቹ ግን «የሕፃናት ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩበት። እነሱን ማስገደድ ትርፉ ድካም ነው።

ለትልልቆቹ የጎግልን ድረ ገጽ መሥሪያ፣ ጎግል ሳይትስን ያዝኩ። የረቀቀ ምክንያት የለኝም፤ አካውንቱ ስላላቸው ብቻ ነው። አዲስ አካውንት ማለት አዲስ ፓስወርድ፣ አዲስ የወላጅ ፈቃድ፣ አዲስ ራስ ምታት ነው። ልጆቹ አስቀድሞ ከሚጠቀሙበት ነገር ውጭ አዲስ መሣሪያ ለማምጣት በጣም ጠንካራ ምክንያት ሊኖር ይገባል ባይ ነኝ።

ግራጫው ሳጥን የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዋ ገጿን ትሠራለች። ድርሰቷን ፋይሎቿ ከሚቀመጡበት ከጎግል ድራይቭ አምጥታ ገጹ ላይ ታስቀምጣለች። ፐብሊሽ ታደርጋለች። እሷ ስትከፍተው ይታያል። እኔም ስከፍተው ይታያል። ማታ እናቷ በስልኳ ስትከፍተው ርዕሱ አለ፣ ፎቶው አለ፣ ድርሰቱ ቦታ ላይ ግን ግራጫ ሳጥን ተገትሯል። እናት ፈቃድ ትጠይቃለች። ጥያቄው ወደ እኔ አይመጣም፤ የፋይሉ ባለቤት ወደሆነችው ልጅ ኢሜይል ነው የሚሄደው። ይህን ኢሜይል ደግሞ ማን ከፍቶት ያውቃል?

ምክንያቱ አንዴ ከገባ ቀላል ነው። ገጹና ገጹ ላይ የተቀመጠው ፋይል ለየብቻ ፈቃድ አላቸው። ሳይትስ ድርሰቱን ገልብጦ የራሱ አያደርገውም፤ ድራይቭ ውስጥ ካለበት ሆኖ ነው የሚያሳየው። ገጹን ከፍቶ ፋይሉን መርሳት ሳሎኑን ከፍቶ ጓዳውን እንደመቆለፍ ነው። ከኮምፒውተር በቀጥታ የተጫነ ፎቶ ግን የገጹ አካል ስለሚሆን ችግር የለበትም። ለዚህ ነው ፎቶው እየታየ ድርሰቱ የሚጠፋው።

ታዲያ እኔ ጋ ለምን ይታያል? በትምህርት ቤቱ አካውንት ስለገባሁ ነዋ። ፋይሎቹ ለትምህርት ቤቱ ሰው ሁሉ ክፍት ናቸው፣ ከዚያ ውጭ ላለ ሰው ዝግ። ስለዚህ በክፍሌ አንድ ሕግ አለ፦ ገጹ አለቀ የሚባለው በኢንኮግኒቶ መስኮት፣ ማለትም አካውንታችን ባልገባበት የብሮውዘር መስኮት፣ ሲከፈት ነው። «ቲቸር፣ የእኔ ይሠራል» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው። በኢንኮግኒቶ አሳየኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት መፍትሔ ፎልደር ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ድራይቩ ላይ «ለዕይታ» የሚል ፎልደር ይከፍታል። ፎልደሩን «ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ይችላል» ወደሚለው ይቀይራል። ውስጡ የገባ ፋይል የፎልደሩን ፈቃድ ይወርሳል። ፋይል በፋይል መክፈት ቀረ፣ ተገላገልን አልኩ።

አልተገላገልንም። የተወሰኑ ልጆች ገጽ ላይ ሳጥኑ እንዳለ ቀረ። ፎልደሩን ከፍቼ አየሁ፤ ፋይሉ አለ። ፈቃዱን አየሁ፤ ክፍት ነው። አንዱን ልጅ አጠገቤ አስቀምጬ «እስቲ እንዴት እንዳስገባኸው አሳየኝ» አልኩት። እሱም ድርሰቱ ላይ ተጭኖ «ሾርትከት ጨምር» የሚለውን መረጠ። ጉዱ እዚያ ነበር! ከ2020 ወዲህ ድራይቭ ላይ አንድ ፋይል የሚኖረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ እንዲታይ ከተፈለገ ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ፋይሉ የሚጠቁም አቋራጭ፣ ይደረጋል። ሾርትከቱ ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ይላል፣ ዋናው ፋይል ግን የቆየ ፈቃዱን እንደያዘ ነው። አዶው ላይ ያለችውን ትንሽ ቀስት ካላያችሁ መለየት አይቻልም።

አሁን የምናደርገው ኮፒ ነው። ሥራው ሲያልቅ ልጁ ኮፒ ያወጣል፤ የሚቀመጥበትን ቦታ ሲጠየቅ «ለዕይታ» የሚለውን ይመርጣል፤ ስሙ ላይ ቀን ይጽፋል። ዋናውን ፋይል እዚያው ማዛወርም ይቻላል። እኔ ግን ኮፒን እመርጣለሁ። ረቂቁ ከእነኮሜንቴ፣ ከእነስርዝ ድልዙ ለእኛ ብቻ ይቀራል። በኤሌክትሮኒክ ፖርትፎሊዮ ላይ ብዙ የጻፉት ሄለን ባሬት ፖርትፎሊዮ ሁለት ፊት አለው ይላሉ፤ አንዱ የሥራ ቦታ፣ ሌላው የዕይታ ቦታ። ልጆች ሁሉንም ነገር ለሕዝብ እንዲለጥፉ የሚያደርግ አሠራር አይዋጥልኝም። ረቂቁ እንደሚታይበት ያወቀ ልጅ ደፍሮ አይሞክርም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የትምህርት ቤቱን አካውንቶች የሚያስተዳድረው ሰው፣ አድሚኑ፣ ወደ ውጭ ሼር ማድረግን ከዘጋው ልጁ ምን ቢጫን ዋጋ የለውም፤ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለው ምርጫ ጭራሽ አይመጣለትም። ልጆቹን ከመጨቅጨቃችሁ በፊት አድሚኑን ጠይቁ። እምቢ ካለ ፒዲኤፍ አውጥታችሁ ለወላጅ መላክ ነው። ክፍት ሊንክ ደግሞ ክፍት ነው፤ ማንም ለማንም ያስተላልፈዋል። እኛ ጋ የአባት ስም አይጻፍም፣ ፊት የሚታይበት ፎቶም አይለጠፍም። እጅና ሥራው ይበቃል።

ስለ መሣሪያ ምርጫ ከተነሳ አቋሜን ልናገር። «ምን ምን ይሠራል?» ከማለቴ በፊት «ሥራው እንዴት ይወጣል?» እላለሁ። ብዙ አስተማሪዎች የክፍል ድረ ገጽ ይሠሩበት የነበረው ዊኪስፔስስ በ2018 ተዘጋ። ተማሪዎች አጫጭር ቪዲዮ የሚቀርጹበትን ፍሊፕግሪድን ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ገዛው፣ በ2022 ስሙን ፍሊፕ አለው፣ በ2024 ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ ቲምስ ወደሚባለው የማይክሮሶፍት መድረክ ገባ። የማስታወሻ አፑ ኤቨርኖት በ2023 መጨረሻ የነፃውን አካውንት በ50 ማስታወሻ ገደበው። ጎግልም ለትምህርት ቤቶች ሲሰጥ የነበረውን ገደብ የለሽ ቦታ በ2022 በጋራ 100 ቴራባይት አድርጎታል። ሁሉም ባለቤት አላቸው፣ ባለቤት ደግሞ ሐሳቡን ይቀይራል። ልጁ ትምህርት ቤቱን ሲለቅ አካውንቱም ሊዘጋ ይችላል። በየመንፈቀ ዓመቱ «ለዕይታ» ፎልደሩን አውርደው እንዲይዙ አደርጋለሁ። ይንጫጫሉ፤ ይንጫጩ።

ሌላው አቋሜ ለቀለምና ለፎንት ነጥብ አይሰጥም የሚል ነው። ነጥብ ካለው ክፍለ ጊዜው በሙሉ ባነር በመምረጥ ያልቃል። ነጥብ ባይኖረውም የሚያልቅበት ቀን አለ፣ ልዋሽ አልችልም።

ከሥራው ሥር የሚጻፈው አስተያየት ላይ ገና ነኝ። «ይህን ሥራ ለምን መረጥክ?» ስል መልሱ «ስለወደድኩት» ነበር። አሁን «ከረቂቁ ያወጣኸው ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው? ለምን?» እላለሁ። አንዷ «ውሃ ጠቃሚ ነው የሚለውን አወጣሁት፤ ይህን የማያውቅ ስለሌለ» ብላ ጻፈች። ሳነበው ወንበሬ ላይ ቀና አልኩ። መጻፍ ለሚከብዳቸው በድምፅ እቀበላለሁ። ሁሉንም አዳምጬ እመልሳለሁ ወይ? አልመልስም። በየተራ ነው የማዳምጠው፣ ተራው የሚዘገይበት ልጅም አለ። «ለእያንዳንዱ ልጅ ሳምንታዊ ግብረ መልስ ስጡ» የሚል ምክር ስሰማ መካሪው ስንት ተማሪ እንዳለው መጠየቅ ያምረኛል።

የቀረኝ ቪዲዮ ነው። የአንድ ደቂቃ የድምፅ ቅጂ ግማሽ ሜጋባይት አካባቢ ሊይዝ ይችላል። የአንድ ደቂቃ የስልክ ቪዲዮ ግን በ1080ፒ የምስል ጥራት እንደ አቀራረጹ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይበላል። ለጊዜው ከመቅረጻቸው በፊት ወደ 720ፒ እንዲያወርዱና ንግግራቸውን አስቀድመው እንዲለማመዱ እያደረግኩ ነው። ግማሾቹ ያደርጉታል። ልጆች ራሳቸው ሊጠቀሙበት የሚችሉ፣ ማስታወቂያ የማይበዛበት ቪዲዮ ማሳነሻ አፕ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።