ሽንቴ ውስጥ ባክቴሪያ አለ፤ ታዲያ ምን ይጠበስ?

ስለ ሽንት ማምለጥ ከጓደኞቼ ጋር በግልጽ ማውራት የጀመርነው በቅርቡ ነው። ለካ ብዙዎቻችን ታክሲ ከመሳፈራችን በፊት ሽንት ቤት እንፈልጋለን። ለቅሶ ቤት ስንገባ ዓይናችን ቀድሞ ጓሮውን ያያል። ቦርሳችን ውስጥ ሞዴስ አይጠፋም፤ የወር አበባው የቆመብንም ጭምር። ግን አንዷም ትንፍሽ ብላ አታውቅም ነበር።

የእኔ አጣዳፊው ዓይነት ነው። ስትስቅ ወይም ስትስል ጠብ የሚልባት ሴት አለች፤ እሱ ሌላ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ጡንቻው ሲላላ ይመጣል። የእኔ ድንገት ነው። ቁልፉን በሩ ላይ ሳስገባ ይመጣል። የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ስሰማ ይመጣል። መጣ ካለ ደግሞ መጣ ነው፣ ጊዜ አይሰጥም። ሌሊትም ደጋግሞ ያስነሳኝ ነበር።

ክሊኒክ ስሄድ ነገሩ ሁሌ አንድ ነው። ሽንት ስጪ ይሉኛል። ወረቀቱ ላይ “ባክቴሪያ” እና “ፐስ ሴል” (የመግል ሕዋስ) ተጽፎ ይመጣል። ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ውጬ ስጨርስ የተሻለኝ ይመስለኛል፤ ትንሽ ቆይቶ እዚያው ነኝ። ሲፕሮው አልሠራ ሲል በሌላ ይቀየራል። አያቃጥለኝም፣ አያተኩሰኝም፣ ጎኔን አያመኝም። ይህን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። የሰፈር ሰው ምርመራ ደግሞ ከዚህም ያጥራል፦ “ብርድ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠሽ ነው።”

በመጨረሻ አንዲት ወጣት የማህፀን ሐኪም ወረቀቶቼን ሁሉ ደርድራ አየቻቸው።

“እትዬ፣ ሲሸኑ ያቃጥልዎታል?”

“ኧረ በፍጹም።”

“እንግዲያው ባክቴሪያውን ለጊዜው እንተወው። ፊኛዎን እናሠልጥነው።”

አላመንኳትም። ባክቴሪያ እንዴት ይተዋል? ቤት ገብቼ ማንበብ ያዝኩ።

ጤነኛ ሽንት ከጀርም የጸዳ ነው ሲባል ነው የኖረው። ቺካጎ አካባቢ ባለው በሎዮላ ዩኒቨርሲቲ እነ አላን ዎልፍና ሊንዳ ብሩቤከር ይህን ፈተሹት። በፈረንጆቹ 2014 በወጣው ጥናታቸው ሽንቱን በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ በቀጥታ ከፊኛ ቀዱ፤ ስለዚህ ከውጭ ገብቶ ነው ማለት ያስቸግራል። የተለመደው ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያን አሳድጎ የማየት ምርመራ፣ 1 ማይክሮሊትር (የሚሊ ሊትር አንድ ሺህኛ) ሽንት ወስዶ አንድ ቀን ያህል ነው የሚጠብቀው። ቶሎ የሚያድገውን ኢኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ለመያዝ ያ ይበቃል። እነሱ ግን ጎን ለጎን 100 ማይክሮሊትር ወሰዱ፣ ማሳደጊያውንና አየሩን ለዋወጡ፣ 48 ሰዓት ጠበቁ። ከ65 ናሙናዎች በ52ቱ ባክቴሪያ አደገ። ከእነዚያ ውስጥ 48ቱን የተለመደው ካልቸር “ምንም የለም” ብሏቸው ነበር። ሽንታቸው ከተመረመረው መሃል ምንም ችግር የሌለባቸው ሴቶችም ነበሩ።

በዚያው ዓመት እዚያው የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አጣዳፊ ሽንት የሚያመልጣቸውን ሴቶች ከማያመልጣቸው ጋር አወዳደረ። በሚያመልጣቸው ፊኛ ውስጥ ላክቶባሲለስ የሚባለው ባክቴሪያ ያንሳል፣ ጋርድኔሬላ የሚባለው ይበዛል። ላክቶባሲለስም ዘር አለው፦ ክሪስፓተስ የሚባለው በደህናዎቹ፣ ጋሴሪ የሚባለው በሚያመልጣቸው ላይ በዛ ብሎ ተገኝቷል። ባክቴሪያው ፊኛውን ይረብሸው ወይስ የተረበሸ ፊኛ ባክቴሪያውን ይለውጠው፣ ጥናቱ አይፈርድም። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው። አንቲባዮቲክ ወዳጅና ጠላት ለይቶ አይመታም። ስንት ጊዜ በዘፈቀደ እንደዋጥኩት ሳስበው ያናድደኛል። ሲፕሮ ጅማት እስከ መጉዳት እንደሚደርስም ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሐኪሟ መጀመሪያ ያዘዘችልኝ ደብተር ነው። ምን ጠጣሁ፣ ስንት ሰዓት ሸናሁ፣ ስንት ሚሊ ሊትር ሆነ። መለኪያ ያለው ጆግ ገዛሁና ማንም ውሃ እንዳይጠጣበት ቀይ ቴፕ ለጠፍኩበት። የአዋቂ ፊኛ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። እኔ 100 ሳይሞላ ነው የምሮጠው። ለካ ከቤት ሲወጣ “ለማንኛውም” እየተባለ የሚሸናው ሽንት ፊኛን በትንሹ እንዲጮህ ያስለምደዋል።

ከዚያ ልምምዱ መጣ። ሽንቴ ሲያጣድፈኝ አልሮጥም። ባለሁበት ቀጥ እላለሁ፤ ወንበር ካለ እቀመጣለሁ። ሽንትና ጋዝ የምንይዝበትን ጡንቻ ቶሎ ቶሎ ጨመቅ ለቀቅ አደርጋለሁ፣ ከ100 ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። ጥድፊያው ሲበርድ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ። በየሳምንቱ 15 ደቂቃ እየጨመርኩ በአንዱና በሚቀጥለው ሽንት መካከል ያለውን ጊዜ አሰፋሁት፤ ግቡ 3 ወይም 4 ሰዓት መቆየት ነው። መጀመሪያ ላይ ሲኦል ነው፣ አልዋሽም።

ጡንቻውን ለማጠንከርም 8 ጊዜ እየጨመቁ መያዝና መልቀቅ አለ፤ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል በፈረንጆቹ 1948 ያስተዋወቀው ነው። ሆድና መቀመጫ አብሮ መጨመቅ የለበትም፣ ትንፋሽም አይያዝም። እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የምሠራው፤ ማን ያውቅብኛል?

ቡናው ላይ ተከራክሬያለሁ። ካፌይን ፊኛን ይቀሰቅሳል ሲሉኝ ከፋኝ። ተደራደርንና አቦሏን ብቻ እጠጣለሁ፤ ቶናውንና በረካውን በጨዋታ አሳልፋቸዋለሁ። የሌሊት መነሳቴ መቀነስ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ውሃ መቀነስ ግን ተከለከልኩ፤ ሽንት ሲወፍር ፊኛን ይቆጠቁጣል። የሆድ ድርቀትም ፊኛን ስለሚጫን ተልባ ከቤቴ አይጠፋም።

ጓደኛዬ “ፊስቱላ ይሆን እንዴ?” ብላ ደንግጣ ነበር። አይደለም። ፊስቱላ በተራዘመ ምጥ የተነሳ በፊኛና በብልት መካከል የሚከፈት ቀዳዳ ነው፤ ሽንቱ ቀን ከሌት ይፈሳል። መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሃምሊኖች በፈረንጆቹ 1974 አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል የመሠረቱት ለዚሁ ነው።

አንቲባዮቲክ አያስፈልግም እያልኩ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። ቃጠሎ፣ ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ካለ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ምንም ባያማትም ካልቸሯ ላይ ባክቴሪያ ከተገኘ ትታከማለች። ሽንት ውስጥ ደም ከታየ ነገ ዛሬ ሳይባል ሐኪም ዘንድ ነው። ስኳርም ሽንት ስለሚያበዛ አብሮ መታየት አለበት።

አሁንም ሌሊት አንዴ እነሳለሁ፤ ቀን ላይ የሚያመልጠኝ ግን አልፎ አልፎ ነው። ልምምዱ ካልበቃ ፊኛን የሚያረጋጋ እንደ ኦክሲቡቲኒን ያለ መድኃኒት አለ፤ አፍና ሆድ ያደርቃል። ሐኪሟ “እሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው” ብላኛለች፤ እኔም አልቸኮልኩም።