ዬልታውን፦ ሁሉ ነገር በእግር የሚደረስበት ሰፈር

በካናዳዋ ቫንኩቨር መሃል ከተማ፣ ዬልታውን በተባለው ሰፈር በኮንዶሚኒየም መኖር ከጀመርኩ ወዲህ መኪና የሚያስነሳ ጉዳይ እምብዛም አይገጥመኝም። ዳቦ ቤቱ፣ ፋርማሲውና እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የባቡር መስመር ጣቢያ ሁሉም ቅርብ ናቸው።

ይህ ምቾት በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ፎልስ ክሪክ የተሰኘው የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ ቀድሞ የባቡር ሐዲድና የፋብሪካ ቦታ ነበር፤ የ1986ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን ከተካሄደበት በኋላ መሬቱ በ1988 ለሆንግ ኮንጉ ባለሀብት ለሊ ካ ሺንግ ኩባንያ ሲሸጥ፣ የከተማው አስተዳደር ፎቆቹ እንዲገነቡ የፈቀደው አልሚው መናፈሻዎችን፣ የማኅበረሰብ ማዕከልን እና በውኃው ዳር ለማንም ክፍት የሆነ መንገድ እንዲሠራ ግዴታ አስገብቶ ነው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህንን ውሳኔ ነው፤ ባሕሩ የባለ ፎቆቹ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ሰፈሩ ሰፈር ባልሆነ ነበር።

ቀጫጭኖቹ ሕንፃዎች የተተከሉት ዝቅ ባሉ ቤቶች ላይ ሲሆን፣ የእነዚህ ቤቶች በሮች በቀጥታ ወደ መንገዱ ይከፈታሉ። ጠዋት ጠዋት አንዲት እናት ደረጃቸው ላይ ቆመው አበባ ሲያጠጡ፣ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ አያለሁ። ራውንድሃውስ በተባለው የሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል ደግሞ በግንቦት 1887 የመጀመሪያውን የመንገደኞች ባቡር ወደ ቫንኩቨር ያስገባው 374 ቁጥር ሎኮሞቲቭ ከመስታወት ጀርባ ቆሟል፤ ልጆች አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ያዩታል።

ኪራዩ ግን ከባድ ነው። ቤተሰብ ሲሰፋ ብዙዎች ባለ አንድ መኝታውን ቤት ትተው ወደ ከተማው ዳርቻ ለመሄድ ይገደዳሉ፤ ጎረቤትን እንዲህ ማጣት በእጅጉ ያሳዝነኛል።