የማን ውሻ ነው?

መጋቢት 2017 መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት የግቢውን በር ስከፍት ደጃፉ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ቡላ ነው። ደረቱ ላይ ነጭ አለው። ሁለቱም ጆሮው ገና ቡችላ እያለ ተቆርጧል። አንገቱ ላይ የቃጫ ገመድ አለ፤ ከአገጩ ሥር አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ ያልቃል። ጫፉን ቢላ አልነካውም። አንዱ ክር ረዥም፣ አንዱ አጭር፣ ሁሉም በምራቅ ረጥበው ተጣብቀዋል። ታስሮ ነበር። በጥርሱ በጥሶ ነው የመጣው።

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የኖረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሰኞ ሰኞ ከኩታበር በኩል፣ ከገራዶ በኩል፣ ከየአቅጣጫው ገበሬው እህሉን፣ በጉን፣ ዶሮውን ይዞ ይመጣል። ውሻውም ማንም ሳይጠራው ጌታውን ተከትሎ ይመጣል። ገበያው ሲሞላ፣ የባጃጁ ጥሩምባና የአይሱዙው ጭስ ሲበዛ ይደነግጥና የጌታው ሽታ ይጠፋበታል። ጌታውም ትንሽ ይፈልገውና "መንገዱን ያውቀዋል፣ ቀድሞኝ ገብቶ ይሆናል" ብሎ ይመሽበታል። ማክሰኞ ጠዋት በየሠፈሩ አንድ ሁለት እንግዳ ውሻ አይጠፋም።

እኛ ሠፈር ትንሽ ልጅ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ የሚያየው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል። "የማን ልጅ ነህ?" ይለዋል። ልጁ የአባቱን ስም ከተናገረ አለቀ፣ ከእጅ እጅ እየተቀባበለ ቤቱ ይገባል። እኔም አምስት ዓመቴ ላይ ከአራዳ እስከ ቤታችን እንደዚያ ነው የገባሁት። ውሻ ሲሆን ግን ማንም የማን ነህ አይለውም። ድንጋይ ነው የሚነሳው።

መጀመሪያ አልነካሁትም። ይሄን የምለው ከፍቅር ብዛት ሮጠው የሚያቅፉ ሰዎች ስላሉ ነው፣ እባካችሁ አታድርጉ። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱና መርፌውን ጀምሩ። ጠበሉንም ዱዓውንም ከመርፌው ጋር ማድረግ ይቻላል። ነክሶ ያመለጠ ውሻ ተገድሎ ከሚጣል ይልቅ ቢያዝ ይሻላል፤ 10 ቀን ታስሮ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ይሄን ስንት ሰው ያውቃል?

እንግዳዬ ግን አላጉረመረመም። ጅራቱን አንድ ጊዜ መሬት ላይ መታ አድርጎ ዝም አለ። ውሃ በሳህን ገፋ አደረግሁለት። እስኪያልቅ ጠጣ።

ወቅቱ ለደሴ ውሾች ክፉ ነበር። በ2017 ሑዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። በሑዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች 55 ቀን ይዘጋሉ። ሌላ ዓመት ቢሆን ውሾቹ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች በር ላይ ይሰለፋሉ፣ ቀኑን ሙሉ የሚጣል ነገር ያገኛሉ። ያን ጊዜ ግን እነሱም ጋ ቀኑ ጭር ብሎ ነው የሚውለው፣ ሰው የሚመጣው ለአፍጥር ሰዓት ሲቃረብ ነው። የተዘጋ ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ አፍንጫውን በቆርቆሮው ሥር አስገብቶ የተኛ ውሻ ያየሁት በዚያ ሰሞን ነው።

ሠፈራችን ያለው የሙስሊም ሥጋ ቤት ባለቤት ነገሩን ስነግረው ምንም አልጠየቀኝም። ከአስር ሰዓት በኋላ ነይ አለኝ፣ ሄድኩ፣ ሳንባና ጅማት በፌስታል አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ። ሌሊቱን ደግሞ ዘበኛችን ጋሼ ተረከበው። ጋሼ ሶላታቸውን አያዛቡም፤ የውሻ ምራቅ ነጃሳ ስለሆነ ልብሳቸውን እንዲነካ አይፈልጉም። ስለዚህ ከእኔ ሳህን ተለይቶ የራሱ ዕቃ ይኑረው ብለው የዘይት ጀሪካን ለሁለት ቆርጠው ግንቡ ሥር አስቀመጡለት፣ ማታ ማታ ውሃ ይሞሉለታል። ከጥም የተነሳ እርጥብ አፈር ይልስ ለነበረ ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ወንጀሉ እንደተማረለት የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። "አብሽሪ እታለም፣ እኔ አለሁ፣ ጅብ አያገኘውም" አሉኝ። ክረምት ከበጋ ጅቡ ከጦሳ ተራራ ሥር ወርዶ ሠፈር ውስጥ ይገባል፣ ማደሪያ የሌለው ውሻ ዋና ጠላቱ እሱ ነው።

የእንስሳት መጠለያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ትልቅ ግቢ፣ ብዙ የብረት ሳጥን፣ ብዙ ገንዘብ ነው። እኔ መጠለያ ያየሁት በ2014 ነው፤ አንድ ክፍል ቤት ነበር። ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛም እንደሌላው ሰው ወጣን። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፣ ከዚያ ከሚሴ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን። ውሻችንን ቡቺን ከሰንሰለቱ ፈትቼ፣ ጎላ ሙሉ ውሃ አስቀምጬለት፣ የግቢውን በር ገርበብ አድርጌ ነው የሄድኩት። ደብረ ብርሃን ብርዱ ውስጥ ስንት ሌሊት በሩን አሰብኩት። መንገድ ላይ ያየኋቸው ሌሎች ሰዎችም ስለ ላም፣ ስለ በቅሎ፣ ስለ ድመት ያወሩ ነበር፣ አንዱም አላፈረበትም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ነፃ ወጣች ተባለ፣ ታኅሣሥ ላይ ተመለስን። ቡቺ አለ! ከስቷል፣ ግን አለ። እግራቸውን ስለሚያማቸው ያልወጡ አንዲት ጎረቤታችን እማማ የሠፈሩን ውሻ ሁሉ ሰብስበው ቂጣ ሲያበሉ ነው የከረሙት። ቆጠርኳቸው፣ ሰባት ናቸው። ከየማን ቤት እንደሆኑ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ይሄ የመምህሩ፣ ያቺ የዳቦ ቤቱ፣ ይሄ ትንሹ ደግሞ የማን እንደሆነ እንጃ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከታች መጣ። ባለቤቶቹ ሲመለሱ እያስጠሩ መለሱላቸው። ሳመሰግናቸው "ኧረ ልጄ፣ የጠበቁኝስ እነሱ ናቸው" አሉኝ።

ቡቺን ያጣሁት በሰላሙ ቀን ነው። የመንገድ ውሾችን ለማጥፋት ሌሊት መርዝ የተደረገበት ሥጋ በየመንገዱ ተጥሎ ነበር፣ ንጋት ላይ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወጣና በላ። እግሮቹ እንደ እንጨት ገተሩ፣ አካሉ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ዓይኑ እኔን ይፈልጋል። ግማሽ ሰዓትም አልቆየ። ቡቺ ቤት ነበረው። ክትባት ነበረው፣ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። አንገቱ ላይ ግን ምንም አልነበረም፤ ሲያልፍ ላየው ሰው ከማንኛውም የመንገድ ውሻ አይለይም። ጠያቂ ለሌለው ሞት "ደመ ከልብ ሆነ" እንላለን፤ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄን ቃል ከአፌ አላወጣሁትም።

ደግሞ መርዙ ችግሩን አይፈታም፣ ይሄን በደንብ አስቡት። ውሻ የሚኖረው የሚበላ ባለበት ነው። ቆሻሻው ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ የሞቱት ቦታ ባዶ አይቆይም፤ ሌሎች ከዳር ይመጣሉ፣ የመጡት ያልተከተቡ ናቸው። አንዲት ሴት ውሻ ሁለት ወር ገደማ ታረግዛለች፣ በዓመት ሁለቴም ልትወልድ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ግልጽ ነው፤ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ ይቆማል። የተከተበ ውሻ ለሠፈሩ አጥር ነው። እኛ ደግሞ አጥሩንም አብረን እየገደልን ነው።

ሌላው ዓለም የሚሠራበትን መንገድ ሳነብ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ለንደን ውስጥ እስከ ዛሬ ያለው ትልቁ የባተርሲ መጠለያ በፈረንጆች 1860 በአንዲት ሴት ሲቋቋም ስሙ "ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ጊዜያዊ ማረፊያ" ነበር። ጊዜያዊ! በደንብ የሚሠራ መጠለያ የገባውን እንስሳ መጀመሪያ ወደ ባለቤቱ ሊመልስ ይሞክራል። ባለቤት ካልተገኘ ያክመዋል፣ ያመክነዋል፣ ሌላ ቤት ይፈልግለታል፤ ቦታ ሲጠበው ደግሞ ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች በየቤታቸው ለጥቂት ሳምንት ያቆዩለታል። በብዙ አገር ውሻውና ድመቷ ቆዳ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታክል ማይክሮቺፕ ትገባለች፤ ባለ 15 አሃዝ ቁጥር አላት፣ ቁጥሩ በማንበቢያ መሣሪያ ሲታይ ባለቤቱ ይታወቃል። ለእኛ ለጊዜው የቆዳ ቀበቶና እስክርቢቶ ይበቃል።

ኮምቦልቻ ያለች ጓደኛዬ ጋራዥ አጠገብ ሱቅ አላት። ከሚሌ በኩል የመጣ ከባድ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት ከሞተሩ አጠገብ ድመት ይወጣል፤ ለሙቀት ገብቶ አብሮ የመጣ ነው። አንድ ጊዜ ግልገል የምታክል ግራጫ ድመት፣ ጺሟ በሙቀቱ ተጠቅልሎ፣ ወጣች። ሾፌሩ የማን እንደሆነች ሊያውቅ አይችልም። ጓደኛዬ ለሁሉም ሾፌር ፎቶዋን በቴሌግራም ላከች፣ ባለቤት ጠፋ፣ አሁን ሱቋ ውስጥ የስኳር ጆንያ ላይ ትተኛለች።

እኔም የእንግዳዬን ፎቶ በሠፈራችን ቴሌግራም ለቀቅሁ። ብዙ "አሳዛኝ ነው" መጣ፣ ባለቤት አልመጣም። ይሄ አይገርመኝም፤ የገጠር ሰው ውሻውን የሚፈልገው ቴሌግራም ላይ አይደለም፣ ውሻው በጠፋበት ቦታ ነው። ሐሙስ ቀን የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ከተበው፣ ጋሼ ፊት ለፊት ቆመው በስሙ ፈንታ "አይዞህ እንግዳው" እያሉት። ከተማችን ውስጥ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል። ተማሪዎቹ ከመምህሮቻቸው ጋር በየሰኞው ገበያው ጫፍ ላይ አንድ ጠረጴዛ አቁመው ቢከትቡ ገጠሩ ራሱ ውሻውን ይዞ ይመጣል ብዬ አምናለሁ፤ ይሄን የሚያነብ የዩኒቨርሲቲው ሰው ካለ እኔ ጠረጴዛውን አመጣለሁ።

ሰኞ ደረሰ። የድሮውን ገመድ አልፈታሁም፣ ሽታው ነው ብዬ። ከላዩ ቀበቶ አሰርኩለት፣ ስልኬን ጻፍኩበት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሠፈራችን ሊስትሮ ልጅ ጋር ይዘነው ወጣን። ገበያው መግቢያ ላይ እስክንደርስ ከጎኔ ነበር። ከዚያ አፍንጫውን አነሳና መጎተት ጀመረ። በእህል ተራው፣ በሽንኩርት ተራው አልፎ በግ ተራ ወሰደን፣ አንድ የእንጨት ምሰሶ አጠገብ ደርሶ ተቀመጠ። ምሰሶው ላይ የቃጫ ገመድ ታስሯል። ጫፉ ተተርትሯል። ሊስትሮው ልጅ አየኝ፣ አየሁት።

ሦስት ሰዓት ያህል ቆየን። ሻይ ጠጣን። ሰው "ይሸጣል እንዴ?" እያለ አለፈ። አምስት ሰዓት ገደማ ላይ ውሻው ድንገት ተነሳ፤ ድምፅ እንኳ አላወጣም፣ ሰውነቱ ብቻ ከራስ እስከ ጅራት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከበጎቹ መሀል አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ብቅ አለ፣ "መከታ!" ብሎ ጮኸ። ስሙ መከታ ነው ለካ። አባትየው ኋላ ደረሱ፣ ባለፈው ሰኞ በጉን ሊሸጡ ዞር ሲሉ እንደበጠሰ፣ እስከ ማታ እንደፈለጉት፣ ልጁ ሳምንቱን ሙሉ እህል እንቢ እንዳለ ነገሩኝ። ክትባቱን ነገርኳቸው፣ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። በዓመቱ መደገም እንዳለበት አስረዳሁ። እጄን ይዘው ብዙ መረቁኝ።

ቀበቶውን ልፈታው ስል ልጁ "ይሁንለት" አለ። የእኔን ስልክ ሰርዤ የእሳቸውን ልጽፍ ጠየቅኋቸው። ስልክ የላቸውም። የመንደራቸውን ስምና ስልክ ያለው የጎረቤታቸውን ቁጥር ከጀርባው ጻፍኩ። ልጁ በዚህ መሀል ምሰሶው ላይ የቀረውን ገመድ በጥርሱም በጣቱም ታግሎ ፈታው፣ መከታ አንገት ላይ ካለው ጋር አንድ ላይ ቋጠረው፣ ጎተት አድርጎ ጥንካሬውን አየ፣ ጫፉን እጁ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠመና ሄዱ።